መጀመሪያ ጆሮ፣ ከዚያ እጅ

ፋሲካ ካለፈ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ እናቴ ከደብረ ብርሃን ደወለች። የልጆቹን ደኅንነት፣ የባለቤቴን ጤና፣ የአዲስ አበባን ዝናብ ሳትጠይቅ ወሬ የማትጀምረው እናቴ ያን ዕለት በቀጥታ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«ልጄ፣ የአባትህ ድምፅ የት ገባ?»

አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ነገሩ አልገባኝም።

«የምን ድምፅ፣ እማዬ?»

«ስልኬ ላይ የነበረው ነዋ! ማታ ማታ የምሰማው። ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።»

እጅ እግሬ ዛለ። ለበዓሉ እኔ ዘንድ በመጣች ጊዜ «ስልኬ ተንቀራፈፈብኝ፤ ሞልቷል እያለ ያስቸግረኛል» ብትለኝ፣ ቡናው እስኪፈላ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ «ያስተካከልኩላት» እኔው ነኝ።

የባሰ የሚያሳፍረው ደግሞ ሥራዬ ይኸው መሆኑ ነው። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ እንጀራዬን የበላሁት ኮምፒውተርና ስልክ እንቢ ያለውን ሰው በመርዳት ነው። ለማላውቀው ሰው የማላደርገውን ለወለደችኝ እናት አደረግሁ። ዛሬ ይህን የምጽፈው በየቤቱ እንደኔ ያለ ቴክኒሻን ስላለ ነው። አንዳንዱ ቤት የዐሥራ ስድስት ዓመት የልጅ ልጅ ነው፤ አንዳንዱ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣ አማች ነው። ስልኩን ለእሱ የምትሰጡት ወላጆችና አያቶችም፣ ተቀብላችሁ የምትነካኩትም፣ ሙያው የሚያዘውን ብታውቁት ይጠቅማችኋል።

አምስቱ ጥያቄዎች

ሔልፕ ዴስክ የሚባለው ክፍል በብዙ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች አለ። ሠራተኛው ኮምፒውተሩ አልነሣ ሲለው፣ ፕሪንተሩ ወረቀት ሲይዝበት፣ ፓስወርዱ ሲጠፋበት መጀመሪያ የሚደውለው ወደዚያ ነው። አሠራራችን ከጤና ጣቢያ ጋር ይመሳሰላል። የመጀመሪያው ደረጃ ባለሙያ ቀለል ያለውን እዚያው ይጨርሳል፤ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይልካል፤ ሁለተኛውን ያቃተው ደግሞ ሥርዓቱን ወደሠሩት መሐንዲሶች ይሄዳል። እያንዳንዱ ጥሪ ይመዘገባል፤ ማን ደወለ፣ ምን አለ፣ ምን ተደረገለት የሚለው ሁሉ ይጻፋል። መዝገቡን እኛ «ቲኬት» እንለዋለን።

ሥራ ስጀምር የተማርኩትን ለማሳየት እቸኩል ነበር። ስልክ ሲደወል ሰውዬው ነገሩን ሳይጨርስ መልሱን እነግረዋለሁ። የመጀመሪያው አለቃዬ ይህን አይቶ አንድ ቀን ጠራኝና «አንተ ልጅ፣ ሐኪም ምን እንዳመመህ ሳይጠይቅ መርፌ ቢወጋህ ምን ትላለህ? መጀመሪያ ጆሮ፣ ከዚያ እጅ» አለኝ። ቀጥሎም አምስት ጥያቄ በወረቀት ጽፎ ጠረጴዛዬ ላይ ለጠፈልኝ።

አንደኛ፣ በትክክል ምን ሆነ? «አይሠራም» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ስክሪኑ ላይ የተጻፈው ነገር ቃል በቃል ይነበብ። ሁለተኛ፣ መቼ ጀመረ? ሦስተኛ፣ ከዚያ በፊት ምን ተቀየረ? አራተኛ፣ የተቸገርከው አንተ ብቻ ነህ ወይስ ጎረቤትህም? አምስተኛ፣ እዚያ ውስጥ እንዳይጠፋብህ የምትፈልገው ምን አለ?

አምስተኛዋን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

የጥያቄዎቹ ጉልበት የገባኝ በአንድ የሒሳብ ክፍል አዛውንት ነው። ጠዋት ደወሉና «ፓስወርዴ ተቀየረብኝ፤ ሰው ገብቶበታል» አሉ። የወር መጨረሻ ነው፤ ደመወዝ መሠራት አለበት፤ ሰውዬው ተጨንቀዋል። በጥንቱ ጠባዬ ቢሆን አዲስ ፓስወርድ ሰጥቼ እገላገላቸው ነበር። ያን ዕለት ግን ወረቀቱን አየሁና ጠየቅሁ።

«ጋሼ፣ ትናንት ሠርቶልዎት ነበር?»

«ትናንት ማታ ድረስ ምንም አላለኝም።»

«ዛሬ ጠዋት ሲገቡ ጠረጴዛዎ ላይ የተለየ ነገር አለ?»

ትንሽ አሰቡና «የለም… ብቻ ጽዳቷ አቧራውን ጠርጋልኛለች፤ እግዜር ይስጣት» አሉ።

መልሱ እሱ ነበር። ኪቦርዱ በጨርቅ ሲጠረግ በቀኝ በኩል ካሉት ቁጥሮች በላይ ያለችው «ነም ሎክ» የምትባለው ቁልፍ ተነክታለች። እሷ ስትጠፋ እዚያ በኩል ያሉት ቁጥሮች ቁጥር መጻፍ ያቆማሉ። አዛውንቱ ፓስወርዳቸው ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች የሚመቱት በዚያ በኩል ነው፤ ስክሪኑ ደግሞ ፓስወርድን በነጠብጣብ እንጂ በፊደል ስለማያሳይ የጎደለውን ማየት አልቻሉም። አንዴ ቁልፏን ቢጫኗት ገቡ። ሌባ ብለው የጠረጠሩት የጽዳት ጨርቅ ሆኖ ተገኘ። «ካፕስ ሎክ» የምትባለዋም በግራ በኩል ሆና ይህንኑ ተንኮል ትሠራለች፤ ትንንሹን ፊደል ሁሉ ትልቅ ታደርግና ፓስወርዱን ታበላሻለች።

ከቀላሉ መጀመር

የሙያችን ሁለተኛው ሕግ ከቀላሉና ከርካሹ መጀመር ነው። ስልክ ቻርጅ አላደርግ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «ባትሪው ሞተ» ብሎ ነው። እኛ የምንጀምረው ከግድግዳው ነው። ሶኬቱ ላይ ሌላ ነገር ቢሰካ ይሠራል? ኤክስቴንሽኑ በርቷል? በሌላ ገመድስ? በሌላ ቻርጀርስ? ይህ ሁሉ ካላመጣው የስልኩን መሰኪያ ቀዳዳ በባትሪ ብርሃን እዩት። ከኪስና ከቦርሳ የገባ ጭረትና አቧራ እዚያ ውስጥ ተጠቅጥቆ ገመዱ ጠልቆ እንዳይገባ ይከለክለዋል። ስልኩን አጥፍቶ በደረቅ የእንጨት ስቴኪኒ ቀስ አድርጎ ማውጣት ይቻላል፤ በመርፌና በብረት ግን አይሞከርም። ባትሪ ሊቀየርለት ተወስኖበት የነበረ ስልክ በስቴኪኒ ሲድን አይቻለሁ።

ብዙ ጊዜ «አጥፍታችሁ አብሩት» ስንል ሰው ይስቅብናል፤ ሌላ የማናውቅ ይመስለዋል። ምክንያት አለው። ስልክም ኮምፒውተርም ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ አላቸው። አንደኛው እንደ ጓዳ ነው፤ ፎቶው፣ ደብዳቤው፣ ድምፁ እዚያ ይቀመጣል፤ ቢጠፋም ቢበራም አይነካም። ሁለተኛው እንደ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ነው፤ በዚያች ሰዓት የሚሠራበት ሁሉ የሚዘረጋበት። የበዓል ዕለት ጠረጴዛው ላይ ሽንኩርቱ፣ ዶሮው፣ ድስቱ ሲደራረብ እጅ ማሳረፊያ እንደሚጠፋው፣ ቀናት ሙሉ ሳይጠፋ የቆየ ስልክም እንደዚያ ይሆናል። ሪስታርት ማለት ጠረጴዛውን ጠርጎ እንደገና መጀመር ነው። ጓዳው አይነካም። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ያለው ኮምፒውተር ደግሞ አንድ ጠባይ አለው፤ ብዙዎቹ «ዝጋ» ሲባሉ በቶሎ ለመነሣት ሲሉ ከጠረጴዛው ላይ ያለውን ከፊሉን ይዘው ነው የሚተኙት። ስለዚህ ችግር ሲኖር «ሻት ዳውን» ሳይሆን «ሪስታርት» የሚለውን ምረጡ።

ሪስታርትና ሪሴት የሚሉት ሁለት ቃላት በጆሮ ይመሳሰላሉ፤ በሥራ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። ሪስታርት ቤት መጥረግ ነው። ሪሴት ግን ጓዳውን ጭምር ባዶ አድርጎ ቤቱን እንደ አዲስ ማስረከብ ነው። አንድ ሰው ስልካችሁን ይዞ «ሪሴት ላድርገው» ካለ፣ እጁን ይዛችሁ ጓዳው ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጥቶ እንደሆነ ጠይቁት።

አንድ በአንድ

ሦስተኛው ሕግ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ነው። ወጥ ጨው በዛበት ብላችሁ ውኃም፣ ድንችም፣ ዱቄትም በአንዴ ብትጨምሩበት የትኛው እንዳዳነው ወይም የትኛው እንደገደለው አታውቁም። አንዱን ሞክሩ፣ እዩ፤ ካልሆነ ወደነበረበት መልሱና ሌላውን ሞክሩ።

«ዋይፋይ አለ፣ ኢንተርኔት ግን የለም» የሚባለውን እንውሰድ። ስልኩ ላይ የሚታየው የዋይፋይ ምልክት የሚነግራችሁ ከስልኩ እስከ ራውተሩ ያለው መንገድ ደኅና መሆኑን ብቻ ነው። ከራውተሩ ወደ ውጭ ያለው ሌላ መንገድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በቤት ውስጥ ያለ ሌላ ስልክ በዚያው ዋይፋይ ይሠራ እንደሆነ እዩ። የሚሠራ ከሆነ ችግሩ ያለው የእናንተ ስልክ ላይ ነው። ሁሉም እንቢ ካለ ራውተሩን ከሶኬት ነቅላችሁ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ፤ መልሳችሁ ሰክታችሁ መብራቶቹ እስኪረጋጉ ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። አሁንም እንቢ ካለ መስመሩን ወደሚያቀርበው ድርጅት ደውሉ። ከራውተሩ ጀርባ ያለችውን በመርፌ ጫፍ የምትነካ ትንሽ ቀዳዳ ግን እንዳትነኩ። እሷም ሪሴት ናት፤ መስመሩ የሚሠራበትን ቅንብር ሁሉ ታጠፋለች።

እኛ አገር ደግሞ ሌላ ቦታ ብዙም የማይገኝ አንድ ችግር አለ። የሰፈራችን አንዲት እናት ኢንተርኔታቸው እንቢ ብሏቸው ሦስት ጊዜ ፓኬጅ ገዝተዋል። ካርዱ ይቆረጣል፣ ኢንተርኔቱ ግን ገጽ አይከፍትም፤ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ብቻ ያመጣል። ስልኩን ተቀብዬ «እማማ፣ ይህ ከመጀመሩ በፊት ምን ተቀይሮ ነበር?» አልኳቸው። «ምንም። ብቻ የልጅ ልጄ ጾሙን እንድከታተልበት ቀኑን ወደኛ አቆጣጠር አስተካክሎልኛል» አሉኝ።

ልጁ በፍቅር ነው ያደረገው። ነገር ግን ድረ ገጽ ሲከፈት እንደ መታወቂያ ያለ የምስክር ወረቀት ያሳያል፤ ወረቀቱ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ስልኩ ቀኑን የሚቆጥረው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። ዓመቱን ወደ ኋላ ስንመልስበት የሚቀርብለት መታወቂያ ሁሉ ገና ያልተሰጠ ይመስለዋል፤ ሐሰተኛ ነው ብሎ በሩን ይዘጋል። ቀንና ሰዓት የሚለው ቦታ ገብቼ «በራሱ ይሙላ» የሚለውን አበራሁት፤ ሥራው አለቀ። ለጾሙና ለበዓሉ የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ አፕ ለብቻው ጫንኩላቸው። ስንቱ አያት ቤት ይህ እንዳለ እግዜር ይወቀው።

«ምንም አልነካሁም»

ከጥሪዎቻችን ብዙዎቹ የሚጀምሩት «እኔ ምንም አልነካሁም» በሚል ነው። ወጣት ሳለሁ ይህ ያናድደኝ ነበር። ኋላ ግን ሰው እንዲህ የሚለው ስለፈራ መሆኑ ገባኝ። ቀድሞ አንድ ሰው «ምን ነካክተህ ነው!» ብሎታል። የተቆጡት ሰው እውነቱን አይናገርም፤ እውነቱን ያልነገሩት ቴክኒሻን ደግሞ በጨለማ ይዳክራል። አለቃዬ «ማን አበላሸው» ብለን እንዳንጠይቅ ይከለክለን ነበር። «ምን ታየ» ብለን ነበር የምንጠይቀው።

ቤታችንስ? ልጆቻችን ለአያቶቻቸው «እማማ፣ ይኼ እኮ ቀላል ነው» እያሉ ስልኩን ከእጃቸው ይነጥቃሉ። ጣታቸው እንደ ሽመና መወርወሪያ ይመላለሳል፤ በደቂቃ ጨርሰው ይመልሱላቸዋል። ችግሩ ተፈታ፤ አያት ግን ምንም አልተማሩም። በሚቀጥለው ጊዜ መጠየቁን ያፍሩታል፤ ያለ ቴሌግራም፣ ከሩቅ ያሉ ልጆቻቸውን ሳያዩ ይቀመጣሉ። በሥራችን ላይ ጥሩ ቴክኒሻን የሚባለው ማውሱን ከሰው እጅ የማይወስደው ነው። «እዚህ ጋ ይጫኑ፣ አሁን ምን መጣ?» እያለ በሰውየው ጣት ያሠራዋል። ጊዜ ይፈጃል፤ ነገር ግን ያው ሰው በዚያው ነገር ሁለተኛ አይደውልም።

የፋሲካው ዕለት

አሁን ወደ እናቴ ስልክ ልመለስ።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ የእንግሊዝ መንግሥት አይቲል የሚባል የአሠራር መመሪያ ማዘጋጀት ጀመረ፤ ዛሬ በብዙ አገር ያሉ ሔልፕ ዴስኮች ቋንቋቸውን የወሰዱት ከእሱ ነው። መመሪያው የሚደርሰውን ነገርና የሚያደርሰውን ነገር ለይቶ ይይዛል። ጣሪያ አፍስሶ ወለሉ ቢረጥብ፣ መወልወል አንድ ሥራ ነው፤ ቆርቆሮውን መድፈን ሌላ ሥራ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ወልውለህ ብቻ ከሄድክ ግን ሲዘንብ መመለስህ አይቀርም።

የእናቴ ስልክ «ሞልቷል» ማለቱ እርጥቡ ወለል ነበር። ቆርቆሮው የት ጋ እንደተበሳ አልጠየቅሁም። ከአምስቱ ጥያቄ አንዷን እንኳ አልጠየቅሁም። በጥድፊያ ላይ ነበርኩ፤ እንግዶች ሊመጡ ነው፤ ደግሞም የገዛ እናቴ ናት፣ ምን ይጠየቃል? ፎቶዎቿን ወደ ኮምፒውተሬ ገለበጥሁ፤ የሰዎቿ ስልክ ቁጥር በጉግል አካውንቷ ላይ መኖሩን አረጋገጥሁ፤ ይበቃል ብዬ ሪሴት አደረግሁት። ስልኩ እንደ አዲስ ፈጠነ። መረቀችኝ። ቡናውን ጠጣን።

አባቴ በመጨረሻው ዓመቱ ጨዋታ ይወድ ነበር። ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ወላጆቹ አገር፣ ከእናቴ ጋር ስለተጋቡበት ቀን ሲያወራ፣ የጎረቤት ልጅ ለእናቴ የድምፅ መቅጃውን አሳይታት ኖሮ ትቀዳው ነበር። አሥራ አንድ ቅጂ ነበራት። የድምፅ መቅጃው የሚያስቀምጥበት ቦታ ከፎቶው ቦታ የተለየ ነው። እኔ ያንን ቦታ አልከፈትሁም። እሷም ድምፁ እዚያ ብቻ እንዳለ፣ እኔም ጓዳውን እንደማራግፍ አላወቀችም።

የዚያን ማታ ስልኩን ይዛ እንድትመጣ ለመንኳት። ባልደረቦቼን አስቸገርሁ፤ ወደ ስልክ ጠጋኞች ወሰድሁት። ሁሉም ያሉኝ እኔ የማውቀውን ነው። የአሁን ዘመን ስልኮች በውስጣቸው ያለውን በምስጢር ቆልፈው ነው የሚያስቀምጡት፤ ሪሴት ሲደረግ መፍቻ ቁልፉ ራሱ ይደመሰሳል። የተደመሰሰ ቁልፍ ደግሞ አይቀረጽም።

ለእናቴ ስነግራት አልተቆጣችም። «አይ ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ፤ እኔ ነኝ ያልነገርሁህ» አለችኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። መናገር የእሷ ግዴታ አልነበረም፤ መጠየቅ የእኔ ግዴታ ነበር። አምስተኛዋ ጥያቄ እኮ የተጻፈችው ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። ከሁለት ወር በኋላ ያው ስልክ እንደገና «ሞልቷል» አለ። ያኔ ቁጭ ብዬ መረመርሁት። እናቴ ብዙ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አለች፤ ስብከቱ፣ መዝሙሩ፣ የሠርግ ቪዲዮው ሁሉ ሳትከፍተው በራሱ እየወረደ ጓዳውን ይሞላል። መፍትሔው የቴሌግራምን ቅንብር ከፍቶ በራሱ የሚወርደውን ማጥፋትና የተከማቸውን ማጽዳት ብቻ ነበር። የቴሌግራም መልእክት በድርጅቱ ኮምፒውተሮች ላይ ስለሚቀመጥ ከስልኩ ቢጸዳም ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። የሦስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ምንም አይጠፋበትም። የአባቴ ድምፅ የጠፋው በከንቱ ነው ማለት ነው።

ሦስት ቦታ

ዱባይ ያለችው እህቴ ነገሩን ስትሰማ የራሷን ስልክ ፈተሸች። ከአሥራ አንዱ ቅጂ አንዱን እናቴ በዚያችው የጎረቤት ልጅ እጅ ልካላት ነበር። ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው። አባቴ የመጀመሪያ በግ የሸጠበትን ቀን ያወራል፤ መሐል ላይ ያስላል፤ እናቴ ከኋላ «ውኃ ላምጣልህ?» ስትል ትሰማለች። የተረፈን ይኸው ነው።

አሁን ያ ድምፅ በእናቴ ስልክ፣ በእኔ ፍላሽና በእህቴ ዘንድ ዱባይ አለ። ይህ የኛ ሙያ የቆየ ሕግ ነው፤ በቁጥር ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ይባላል። የምትሳሱለት ነገር ሦስት ቅጂ ይኑረው፤ በሁለት የተለያየ ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፤ አንዱ ከቤት ውጭ ሌላ ቦታ ይሁን። ስልክ ይሰረቃል፣ ፍላሽ ይበላሻል፣ ቤትም ክፉ አይንካው እንጂ ይቃጠላል። ሦስቱ በአንድ ቀን አይጠፉም።

የናንተ ስልክ ላይ የማን ድምፅ አለ? የማን ሠርግ፣ የየትኛው ልጅ የመጀመሪያ እርምጃ? ልጃችሁን ወይም የልጅ ልጃችሁን ጠሩና ዛሬውኑ «ይህን ሌላ ቦታ አስቀምጥልኝ» በሉት። «አስቀምጫለሁ» ሲላችሁ ደግሞ «ከዚያ ከፍተህ አሰማኝ» በሉት። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም።

የማንጠይቀው ነገር

ጠያቂ ሁሉ ግን ሔልፕ ዴስክ አይደለም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ፣ የባንክ አገልግሎትም ወደ ስልክ ከገባ ወዲህ «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው፣ የገባልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» የሚሉ አጭበርባሪዎች በዝተዋል። የሙያውን ሕግ ልንገራችሁ፤ እውነተኛ ቴክኒሻን ፓስወርድ አይጠይቅም። እኔ በሥራዬ የሰው ፓስወርድ ማወቅ አያስፈልገኝም፤ ሲያስፈልግ አዲስ እንዲፈጠር አደርጋለሁ እንጂ የድሮውን አልጠይቅም። በአጭር መልእክት የሚመጣላችሁ ቁጥርም የቤታችሁ ቁልፍ ነው። በስልክ ለጠየቀ ለማንም፣ በጣም ትሑት ሆኖ «እናቴ» ቢላችሁም እንኳ፣ አይነገርም። ስልኩን ዝጉትና በምታውቁት የባንኩ ቁጥር ራሳችሁ ደውሉ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ስልካችሁ ላይ *#06# ብትመቱ የስልኩ መለያ ቁጥር ይመጣል፤ በወረቀት ጽፋችሁ አስቀምጡት፤ ቢሰረቅ ለማመልከት ይረዳችኋል። ስልክ ውኃ ውስጥ ከገባ ደግሞ ወዲያው አጥፉት፤ እስኪደርቅ ቻርጀር አትሰኩበት። ሩዝ ውስጥ መቅበሩም አይጠቅም፤ አፕል ራሱ የሩዝ ብናኝ ስልኩን ሊጎዳ ይችላል ብሎ ይመክራል።

የእማዬ ደብተር

ከዚያ ወዲህ ለእናቴ አንድ ባለ መስመር ደብተር ገዛሁላት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አምስቱን ጥያቄዎች በትልቁ ጻፍሁላት። ስልኳ ሲያስቸግራት ከመደወሏ በፊት የታያትን ትጽፋለች፤ የእንግሊዝኛውን ፊደል እንደ ሥዕል አድርጋ ትገለብጠዋለች። እኔም ስልኳን ከእጇ አልወስድም። እሷ ትነካለች፤ እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄም ሕጉን ለምዳዋለች፤ አያቷ ስትጠራት እጇን ወደ ኋላ አድርጋ «እማማ፣ ምን ታየሽ?» ትላለች።

ባለፈው እሑድ እናቴ ደወለች። ሰላምታው እንደ ድሮው ረዘመ። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ ደብተሯን አነበበችልኝ፤ «ዛሬ ጠዋት ጀመረ። ስልኩ ይደውላል፣ እኔ ግን የሰውየውን ድምፅ አልሰማም። ትናንት ሕፃኑ ይዞት ሲጫወት ነበር።»

«እማዬ፣ በጎን በኩል ያለችውን ቁልፍ እያወራን ወደ ላይ ተጫኛት» አልኳት።

ተጫነች። ድምፄ በጆሮዋ ውስጥ ከፍ ሲል በሣቋ አወቅሁ።

«እንግዲህ ያንን ላዳምጥ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። የቱን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።